ባንድ የለቀቀ ሁሉ ከሃዲ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ ሙዚቀኞች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው የከተማችን አንድ ጊታሪስት ነው። ልጁ ለዓመታት የተጫወተበትን የሆቴል ባንድ ለቆ የራሱን የሮክ አልበም እየሠራ ነው። ጸሐፊው በዚህ ተናደዋል። ንዴታቸው ግን ልጁ ላይ አልቆመም። እንግሊዝ ድረስ ተሻግረው የሮክ ሙዚቀኞቹን ፒተር ጋብርኤልን፣ ሮጀር ዋተርስንና ኦዚ ኦዝቦርንን በምስክርነት ጠርተዋል። ከእኛም አገር አንጋፋውን ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያን ጨምረዋል። ፍርዳቸው አጭር ነው። ባንዱን የለቀቀ ሙዚቀኛ ከሃዲ ነው፤ በስሙ የሚያወጣው አልበምም የባንዱን ሥራ አያክልም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ልጁን አውቀዋለሁ። አንድ መድረክ ላይ ኪቦርድ ተጫውቼለታለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላስመስልም። ግን ጸሐፊው የጠሯቸው ምስክሮች ራሳቸው ሌላ ነገር ነው የሚናገሩት። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ለሐዋሳ አንባቢ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በኋላ ጋብርኤል የምለው ዘፋኙን ነው፤ ታኅሣሥ 19 የሚነግሠውን አይደለም።

የመጀመሪያው ክስ ጋብርኤል ጀነሲስ የተባለውን ባንዱን «በጉዞ መሐል ሜዳ ላይ በትኖ ሄደ» የሚል ነው። እንዲህ አልሆነም። ጋብርኤል ባንዱን በ1967 ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ከመሠረቱት አንዱ ነው። እንደሚለቅ ለጓደኞቹ የነገራቸው በኖቬምበር 1974 አሜሪካ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ ላይ ነው። ገና የትልቁ የኮንሰርት ጉዞ መጀመሪያ ነበር። ታዲያ ሻንጣውን ይዞ ወደ አየር ማረፊያ ሮጠ? አልሮጠም። እስከ ሜይ 1975 ድረስ ጉዞውን ጨረሰ። ግማሽ ዓመት ያህል፣ እሱም እያወቀ እነሱም እያወቁ፣ ያን ሁሉ ልብስና ጭምብል እየቀያየረ ዘፈነ። አድናቂው ወሬውን የሰማው ጉዞው ካለቀ በኋላ በኦገስት ነው።

ሆቴል ቤት የሠራን ሰዎች ጥሎ መሄድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ማታ ሥራ አለ። ዘፋኙ ስልኩን ዘግቷል። ለካ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል ገብቶ ሳውንድ ቼክ ላይ ነው። እንዲህ ላደረገ ሰው ጸሐፊው የፈለጉትን ስም ያውጡለት፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ስድስት ወር አስቀድሞ የሚነግር ዘፋኝ ግን ቢገኝ የሐዋሳ ባንድ መሪዎች በግ ያርዱለታል።

የወጣበትን ምክንያት ጸሐፊው «ዝና ፈልጎ ነው» ብለው አልፈውታል። በጁላይ 1974 የጋብርኤል የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድ በጠና ታማ ነበር። በዚያው ሰሞን ባንዱ ድርብ አልበም እያዘጋጀ ነበር። ሰውየው በሆስፒታልና በሥራ መካከል ይመላለሳል፤ ጓደኞቹ ደግሞ «ሥራ አስተጓጎልክ» ብለው ያኮርፋሉ። ያኔ እንዳልተረዱት በኋላ ራሳቸውም አምነዋል። ይህን ታሪክ አውቆ «ዝና ፈልጎ» ማለት ይከብዳል።

ቂምም ቢሆን አልነበረም። በ1982 ጋብርኤል ዎማድ የተባለውን የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል ሲጀምር ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። ማን ደረሰለት? የድሮ ባንዱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሚልተን ኪንስ ከተማ ውስጥ አብረው አንድ ኮንሰርት ሠርተው ዕዳውን አቃለሉለት። ዝናብ እየዘነበ ነው የተጫወቱት። ጋብርኤል መድረኩ ላይ የወጣው በሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው፤ የባንዱ «ሟች» መሆኑ ነው መሰለኝ። ከተከዳ ሰው እንዲህ ዓይነት ውለታ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ነጥብ «እሱ ሲወጣ ባንዱ ይበልጥ ተሳካለት፤ ሸክም ነበር ማለት ነው» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ማይክ ያዘ። በፌብሩዋሪ 1976 ያለ ጋብርኤል ያወጡት አልበም እንግሊዝ ውስጥ 3ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ከጋብርኤል ጋር የሠሩት የመጨረሻው አልበም የደረሰው 10ኛ ላይ ነበር። ግን እዚህ ላይ ጸሐፊውን ልጠይቅ። ቀደም ብለው ባንዱን በተነው ብለዋል። አሁን ደግሞ ባንዱ በለጸገ እያሉ ነው። የትኛውን እንያዝ? ባንዱ ከተሳካለት የተጎዳው ማን ነው?

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1980 ጋብርኤል ሦስተኛ አልበሙን ሲሠራ ከበሮውን እንዲመታለት ከጠራቸው አንዱ ያው ፊል ኮሊንስ ነው። ጋብርኤል አንድ ሕግ አወጣ፦ ሲምባል፣ ማለትም የድራሙ የብረት ሳህን፣ የሚባል ነገር የለም። ድራመሮች ይህን ሲሰሙ እጃቸው የታሰረ ያህል ነው የሚሰማቸው። የሲምባሉ ጩኸት ሲጠፋ ግን ለከበሮው ሰፊ ቦታ ተገኘ። የድምፅ ባለሙያው ሂዩ ፓድጋም የክፍሉን ማስተጋባት በጣም አጉልቶ ወዲያው እንዲቆረጥ አደረገው። ያ «ዱም» ብሎ ቁርጥ የሚል ግዙፍ ድምፅ የተወለደው እዚያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኮሊንስ በራሱ አልበም ላይ ተጠቀመበትና የዘመኑ ምልክት ሆነ። የ80ዎቹ የእኛ ካሴቶች ላይ ሳይቀር የድራሙ ድምፅ ወደዚያ ያዘነብላል። እንግዲህ የወጣው ሰውዬ ለቀረው ሰውዬ መታወቂያ ድምፁን ሰጠው ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፈው ቢኖሩ ይህ የሚመጣ አይመስለኝም። ጀነሲስ ውስጥ «ሲምባል አንሳ» ቢለው ኖሮ ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አያልቅም ነበር።

በጁላይ 1986 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የነበረው የጀነሲስ ዘፈን ነበር። በሳምንቱ ከዚያ ቦታ ያወረደው የጋብርኤል «ስሌጅሃመር» ነው። ሁለቱም ወገን በልቶ ጠግቧል። እናልቅስላቸው የሚባለው ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

«የመጀመሪያ አልበሙ ቅጥ የለውም፤ ርዕስ እንኳን ማውጣት አቅቶት በስሙ ጠራው» ለሚለው ረዘም ያለ መልስ አለኝ። ምክንያቱም እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው።

አልበሙ የወጣው በፌብሩዋሪ 1977 ነው። አዎ፣ የተዘበራረቀ ነው። አንዱ ዘፈን ላይ ወንዶች ተሰብስበው በድሮ የአሜሪካ ስልት ድምፅ እያስማሙ ይዘፍናሉ። አንዱ ብሉዝ ነው። ሌላው ላይ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዘው ብሎ ይገባል። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪን ነገር ማግዘፍ ይወዳል። የመጨረሻው ዘፈን «ሂር ካምስ ዘ ፍለድ» ከጭነቱ ብዛት ይንገዳገዳል። ይህ ለጋብርኤል ራሱም አልተዋጠለትም። በ1979 በጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ አልበም ላይ ያንኑ ዘፈን ብዙ ነገር ቀንሶ ደግሞ ዘፈነው። የተራቆተው ይበልጣል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን ያው አልበም ላይ «ሶልስበሪ ሂል» አለ። ጸሐፊው ይህን ዘፈን በአንድ መስመር አልፈውታል። ባንድ ስለመልቀቅ እየጻፉ፣ ባንድ ስለመልቀቅ የተዘፈነውን ዘፈን መዝለል እንዴት ይቻላል? ሶልስበሪ እንግሊዝ ውስጥ ባዝ ከተማ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው፤ የእኛን የታቦር ተራራ ያህል እንኳን የሚገዝፍ አይመስለኝም። ዘፈኑ የሚቆጠረው በሰባት ነው። የተለመደው ሮክ በአራት ይሄዳል። የእኛ ችክችካ በስድስት ነው። ሰባት ላይ አንድ ምት የጎደለች ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ያነክሳል። ይሄኛው ግን አያነክስም። ከታች ያለው የባስ ድራም እኩል እየረገጠ ስለሚሄድ ጆሮ ሳይነቃ ያልፋል። በየአዝማቹ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ አራት ይመለስና ደረትን ከፈት ያደርጋል። አንድ ሰሞን ከባንዳችን ጋር ሞክረነው ነበር። ድራመራችን ሳያስበው ስምንተኛውን ምት እየጨመረ አስቸገረን። ቤዚስቱ በሰባት፣ እሱ በስምንት፣ እኔ መሐል ላይ። የሆቴሉ እንግዳ ግን አጨበጨበ፤ እግዜር ይስጠው።

ሰባት መቁጠርን ጀነሲስም ያውቅበት ነበር። እንዲያውም ከዚህ የባሰ የተወሳሰበ ይጫወቱ ነበር። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ጋብርኤል ባንዱ ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚዘፍነው። አንዴ ሽማግሌ፣ አንዴ የቀበሮ ጭንቅላት ያጠለቀ፣ አንዴ አበባ። እዚህ ዘፈን ላይ ግን ጭምብሉ የለም። በአንድ አኩስቲክ ጊታር ላይ፣ በአራት ደቂቃ ገደማ፣ የራሱን ጉዳይ በራሱ አፍ ይናገራል። ጀነሲስ ውስጥ ሁሉም የሚጽፍ፣ ሁሉም የሚያቀናብር ስለነበረ ለአንድ ሰው የግል ኑዛዜ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ባንዱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በቃ እዚያ አይገባም ነበር።

ርዕሱን በተመለከተ ደግሞ አቅቶት ሳይሆን አስቦበት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞቹ ሁሉ ርዕሳቸው ስሙ ብቻ ነው፤ 1977፣ 1978፣ 1980፣ 1982። ሐሳቡ እንደ አንድ መጽሔት ተከታታይ እትሞች እንዲታዩ ነበር። አሜሪካ ያለው ኩባንያ ግራ ገብቶት አራተኛው ላይ የራሱን ርዕስ ለጠፈበት። ሦስተኛውንማ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ጭራሽ አላወጣም ብሎ መልሶለታል። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የሚዘጋው በ1977 በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እጅ ስለሞተው ስለ ስቲቭ ቢኮ በተዘፈነው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲጀምርም ሲያልቅም ከቢኮ የቀብር ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ የደቡብ አፍሪካውያን ዝማሬ ይሰማል። የአፓርታይድ መንግሥት ከለከለው። ጸሐፊው «የሚለው ነገር ያጣ ዘፋኝ» ያሉት እንግዲህ ይህን ሰው ነው።

ጸሐፊው ትክክለኛ ማስረጃ ያመጡት ሮጀር ዋተርስ ላይ ነው። ይህን መካድ ደግ አይደለም። ዋተርስ በ1985 ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን ባንዱን ለቀቀ። የቀሩት ስሙን እንዳይጠቀሙ ለማገድ ወደ ሕግ ሄደ። በ1987 ሁለቱም ወገን አልበም አወጣ። የዋተርስ «ሬዲዮ ካኦስ» አሜሪካ ውስጥ 50ኛ፣ እንግሊዝ ውስጥ 25ኛ ደረጃ ላይ ቀረ። የባንዱ በሁለቱም አገር 3ኛ ወጣ። ቁጥሩ ይኸው ነው።

ለምን እንደወደቀ ግን ጸሐፊው አልጠየቁም። አልበሙን ስሙት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ የሚተርክ፣ ፖለቲካ ያለበት፣ በሬዲዮ ድምፆች የተሞላ አልበም ነው። ያንን እኮ ፒንክ ፍሎይድ ውስጥም ሲያደርገው ነበር! ልዩነቱ የዴቪድ ጊልሞር ጊታርና የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ አለመኖሩ ብቻ ነው። ከባንዱ የወጣው ባንዱ ውስጥ ያደርግ የነበረውን ነገር፣ ባነሰ ሰው፣ ለመድገም ሆነ።

የእኔ መለኪያ ይህች ናት። አልበሙ ባንዱ ውስጥ ቦታ ያልነበረው ነገር ይዟል ወይ? ከያዘ መውጣቱ ምክንያት አለው፤ ባይሸጥም። ካልያዘ መውጣቱ ኩርፊያ ነው፤ ቢሸጥም። በዚህ ሚዛን ዋተርስ ራሱ በ1992 ጄፍ ቤክን ጊታሪስት አድርጎ የሠራው አልበም ከ«ሬዲዮ ካኦስ» በብዙ ይሻላል። ከ2010 እስከ 2013 ዓለምን የዞረበትና ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ጉዞ ግን ለእኔ ክርክር አይረዳም። የዘፈነው የድሮ ባንዱን «ዘ ዎል» ነዋ። የስሙን ክስ በተመለከተ በ2013 ለቢቢሲ ተሳስቼ ነበር ብሏል።

«የወጣ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል» የሚለው ነጥብ ላይ ኦዚን ማምጣታቸው አስገረመኝ። ኦዚ መች ወጣ? የባንዱ የብላክ ሳባዝ ልጆች ናቸው በኤፕሪል 1979 ያባረሩት። መጠጡና አደንዛዥ ዕፁ አላሠራ ብሏቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ «ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ወጣ። ጊታሩን የያዘው ራንዲ ሮድስ የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ክላሲካል ጊታር የተማረ ስለነበር የሳባዝን ከባድና ቀርፋፋ ድምፅ ትቶ ሌላ ዓለም አመጣ። ሳባዝ ውስጥ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ እያለ ይህ የሚታሰብ አልነበረም፤ ጊታሩም ዜማውም የእሱ ነው። በእኔ መለኪያ ኦዚ አለፈ።

የሽፋኑ ስም የኦዚ ብቻ ነው። ሥራው ግን የሌሎችም ነው። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ቤዚስቱ ቦብ ዴዝሊ ነው። ድራሙን የመታው ሊ ከርስሌክ ነው። ሁለቱ ኋላ ላይ በክፍያ ጉዳይ ከሰሱ። በ2002 አልበሙ እንደገና ሲታተም የሁለቱ ቤዝና ድራም ተነሥቶ በሌሎች ሰዎች ተተካ። አድማጩ ጮኸ። በ2011 የመጀመሪያው ቅጂ ተመለሰ። ጸሐፊው ክህደት ፍለጋ ሲዞሩ ይህ አላጋጠማቸውም እንዴ? የአንድን ሰው ምት ከአልበም ላይ መፋቅ ባንድ ከመልቀቅ በምን ያንሳል?

መመለሱን በተመለከተ፣ አዎ፣ ኦዚ ተመልሷል። ለመጨረሻ ጊዜ ከሳባዝ ጋር የቆመው በጁላይ 5 ቀን 2025 በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ነው። በዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን አረፈ። በኮንሰርቱ ምሽት ሕዝቡ ለሳባዝም ለራሱም ዘፈኖች እኩል ነው የጮኸው። ይህን አንገት መድፋት ካሉት አንገት ማቅናት ምን ሊሆን ነው? የአይረን ሜደኑ ብሩስ ዲኪንሰንም በ1993 ወጥቶ በ1999 ተመልሷል። ባንዱ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ወጥቶ በቆየባቸው ዓመታት ከሠራው የተሻለ ነው፤ ይህ ግን የጆሮ ጉዳይ ስለሆነ አልከራከርበትም።

አሁን ወደ አገራችን። ይህን ክፍል ሳነብ ነው ብዕር ያነሣሁት። ጸሐፊው «ኃይሉ መርጊያ ዋሊያስ ባንድን ትተው አሜሪካ ቀሩ፤ መጨረሻቸው ታክሲ መንዳት ሆነ» ብለው ጽፈዋል። እንደ ማስፈራሪያ ነው ያቀረቡት።

እውነቱ እንዲህ ነው። ዋሊያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ዓመታት የሠራ፣ በ1977 «ቸ በለው»ን ያወጣ፣ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ አልበም መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ባንድ ነው። በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ከባንዱ አባላት አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። ወቅቱ የደርግ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበር። ያንን ሳይጠቅሱ «ትተው ቀሩ» ማለት ታሪክ መቁረጥ ነው።

በ1985 ኃይሉ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ድራም ማሽን። በቃ። አኮርዲዮኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት መሣሪያ ነው። ሂልተን ውስጥ፣ ሙሉ ባንድ ፊት፣ ኦርጋን ላይ ቁጭ ብለው የሚያወጡት መሣሪያ ግን አልነበረም። ካሴቱ ላይ የድሮው አኮርዲዮንና የዘመኑ ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ሆነው የአገር ዜማ ይጫወታሉ። ትዝታው ያው ትዝታ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ከዚያ በፊት አልተሰማም። ቀደም ሲል ሥራው የሌሎችም ነው ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ይህኛው እውነትም የአንድ ሰው ሥራ ነው። መለኪያዬን ግን በደንብ ያልፋል።

ካሴቱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ። በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ዱልስ አየር ማረፊያ አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ኪቦርዳቸውን መኪና ውስጥ ይዘው ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። አውሮፓም አሜሪካም ዞረዋል። የጸሐፊው ታሪክ ታክሲው ላይ የቆመው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ታክሲ መንዳትስ ምን ነውር አለው? ሐዋሳ ውስጥ ቀን ባጃጅ እየነዳ ማታ ቤዝ የሚመታ ሰው የማያውቅ ሙዚቀኛ አለ?

እና ወደ ልጁ እንምጣ። ጸሐፊው «የሐዋሳ ባንዶችን የሚገድላቸው እንዲህ ዓይነት ራስ ወዳድነት ነው» ይላሉ። የሐዋሳ ባንዶችን ምን እንደሚገድላቸው እኛ እንንገራቸው።

የሆቴል ባንድ የሚከፈለው በምሽት ነው። እንግዳው የሚፈልገው የሚያውቀውን ዘፈን ነው። ቅዳሜ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲዝናና ቆይቶ የመጣ ሰው የእኔን አዲስ ዜማ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አልጠብቅም፤ መብቱ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሰው ዘፈን እንጫወታለን። መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ወይም የባንዱ ባለቤት ነው። ሠርግ ሲበዛ ልምምድ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ ሥራ አስኪያጅ የራሳችንን አንድ ቅንብር ስንጀምር የመብራቱን ሰውዬ ልኮ «የታወቀ ነገር ተጫወቱ» አስብሎናል። ገና መግቢያውን አልጨረስንም ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ አሥር ዓመት የቆየ ሰው የሚያድገው በጽናት ነው፤ በዜማ ግን አያድግም። አንዱ ሲወጣ ባንዱ የሚፈርሰውም በክህደት አይደለም። መጀመሪያውኑ ባንዱ የራሱ ዘፈን ስለሌለው አባላቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ነገር የለም፤ አንድ ሰው ሲጎድል ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ የሰው ዘፈን ዝርዝር ይጫወታል። ጀነሲስ ያለ ዘፋኙ የቆመው የራሱ ዘፈን ስለነበረው ነው።

ልጁ ምን ይዞ እንደወጣ ልናገር፤ ያልተጠናቀቁ ቅጂዎችን ሰምቻለሁ። ጊታሩ ሆን ተብሎ የተዛባ፣ ከባድ የሮክ ድምፅ ነው። ከሥሩ ያለው ምት ግን በሲዳማ አዲስ ዓመት በፍቼ ጫምባላላ ከሚጨፈረው ከቄጣላ የመጣ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው እየረገጡ ሲገቡ ሕዝቡ የሚቀበለው ያ ከባድ እርምጃ። አንዱ ዘፈን ግጥሙ በሲዳምኛ ነው። ሌላው ላይ ጊታሩ በአንቺሆዬ ቅኝት ሶሎ ይገባና ድምፁ ሲዛባ ያንን የሚቆረቁር ስሜት እጥፍ ያደርገዋል። ጃኖ ባንድ ሮክና የአገር ቅኝት እንደሚጋቡ ቀድሞ አሳይቷል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ፈጠረ እያልኩ አይደለም። ቄጣላውን ግን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም። ይህንን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሆቴል ውስጥ ይጫወተው ነበር ወይ? የመብራቱ ሰውዬ ይመጣ ነበር።

እንከንም አለበት። ድራሙ በማሽን የተሠራባቸው ዘፈኖች ይቀዘቅዛሉ፤ በተለይ ቄጣላው ያለበት። ያንን ምት የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል። ነግሬዋለሁ፤ ኩርፊያው ገና አልለቀቀውም። ጋብርኤል በ1977 ቤዝ እንዲጫወትለት የጠራው ቶኒ ሌቪን በ2023 በወጣው «አይ ኦ» አልበሙ ላይም አለ። አርባ ስድስት ዓመት! ጋብርኤል ጀነሲስ ውስጥ የቆየው ስምንት ዓመት ነው። ልጁም ቶሎ አንድ ቤዚስትና አንድ ድራመር ቢይዝ ይሻለዋል።

ጸሐፊው ያነሡት አንድ የመጨረሻ ነገር ትክክል ነው። ልጁ ከባንዱ ጋር አብሮ የሠራቸውን ሁለት ዜማዎች አልበሙ ውስጥ ሊያስገባ ነው ይባላል፤ የባንዱ ልጆችም ቅር ብሏቸዋል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ከሃዲ» ብሎ መጻፍ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የዜማ ደራሲንም የተጫዋችንም መብት ያውቃል። ተቀምጠው ማን ምን እንደሠራ በወረቀት ያስፍሩ፤ የአቀናባሪው ስም ሽፋኑ ላይ ይግባ፤ ድርሻው ይከፈል። ዋተርስና ፍሎይዶች በስም ጉዳይ እንዴት እንደተጓተቱ አይተናል። የባንዱ መሪ ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። ልጁም እሺ ብሏል፤ ቀን መቁረጥ ነው የቀረው።

አልበሙ ሚክስ ላይ ነው። ሲወጣ ጸሐፊው ይስሙት። ካልወደዱትም የትኛው ዘፈን የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያንስ ይጻፉ፤ ያኔ ስለ ሙዚቃው እንከራከራለን።